ሰው ሳይሞት የሚሰበሰብ ቅሬ ያስፈልገናል

ይድረስ ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ለማኅበራችን አባላት፣ ለቅሬ ዳኞች፣ ለእናቶችና ለወጣቶች በሙሉ፤

ባለፈው ስብሰባ ስለዚያች ወረቀት ቤቱ ሲታመስ እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ቃለ ጉባኤ እይዝ ስለነበር ነው። ጸሐፊ ብዕር ይዞ ክርክር አይገባም። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ያን ዕለት ልናገረው ይገባኝ የነበረውን ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዓይኑ ለደከመና ፊደል ላልቆጠረ ሰው ተማሪዎች ቆም ብላችሁ አንብቡለት።

ላልነበራችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈራችን በታች፣ ከወንዙ አፋፍ፣ አንድ ባለሀብት ቆዳ ፋብሪካ ሊከፍት መሬት ጠይቋል ይባላል። ከመሬቱ ወሬ ጋር ወደ ማኅበራችን አንድ ገጽ ወረቀት መጣ። ወረቀቷ ከነዋሪው ሦስት ሰው ለ«አማካሪ ኮሚቴ» ስጡን ትላለች። ሦስቱን የሚመርጠው የባለሀብቱ ወኪል ነው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ወኪሉ ሲጠራው ነው። ሥራው «ሐሳብ ማቅረብና ኅብረተሰቡን ማረጋጋት» ነው ትላለች። ለተሰብሳቢ አበል አለው። ከታች የማኅበሩ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ክፍት ተትቷል።

ይህችን ወረቀት ሰምተን ግማሻችን አጨበጨብን። የደስታው ምክንያት አልጠፋኝም። ወረኢሉ የበግ አገር ናት። ቆዳው በበዓል ማግሥት በርካሽ ይሰበሰባል፤ መኪና ላይ ይጫናል፤ ሌላ ከተማ ሄዶ ለሌላ ሰው እንጀራ ይሆናል። የእኛ ልጆች ደግሞ ጥግ ይዘው ይቆማሉ፤ የቻለችው ዓረብ አገር ትሄዳለች። ስለዚህ እኔ ፋብሪካ አይምጣ የምል ሰው አይደለሁም። ይምጣ። ጠቤ ከፋብሪካው ጋር ሳይሆን ከዚያች ወረቀት ጋር ነው።

«ማረጋጋት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ገና ያልደነገጠን ሰው ምን ብለው ያረጋጉታል? ወረቀቷ ነዋሪው አንድ ቀን እንደሚደነግጥ አውቃለች ማለት ነው። የሚያስደነግጠውን ነገር ግን አልጻፈችውም።

አሁን በዚህች ከተማ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልንገራችሁ።

ከሃያ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ በቀን ሠራተኝነት እኖር ነበር። ከምንኖርበት ሰፈር አጠገብ አንድ የቆዳ ሥራ ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የኔን ጥፋት ለመናገር የሱ ስም አያስፈልገኝም። ሽታው ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰን ነበር። ሴቶቹ አቤት ሲሉ ልክ እንደዚህ ያለ ኮሚቴ ተቋቋመ። ስድስተኛ ክፍል ስለደረስኩና የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ዳቦና ለስላሳ ቀረበ፤ አበሉም በፖስታ ታሽጎ ተሰጠን። የድርጅቱ ሰው ግቢውን ሳያሳየን ንግግር አደረገልን። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ጻፍ» አለኝ። «ነዋሪው በተሰጠው ማብራሪያ ረክቷል፤ ምንም ቅሬታ የለውም።» ጻፍኩ። ፈረምኩ። ኪሴ ውስጥ የሁለት ቀን ደመወዜን የሚያህል ብር ነበር።

ጥቂት ወራት እንዳለፈ አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ ተዘጋ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ሊከፍት ወረደ፤ እዚያው ወድቆ ቀረ። ጓደኛው ላውጣው ብሎ ተከተለው፤ እሱም ቀረ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀበርናቸው። የአንደኛው እናት ሰው ይዛ አቤት ልትል ስትሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ። የድርጅቱ ሰው ፋይል ከፈተና አንድ ወረቀት አወጣ። «ነዋሪው ምንም ቅሬታ የለውም» ይላል። የኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም ነበር። ምን ይላል ልጄ ብላ ጠየቀችኝ። አንብቤ የነገርኳት እኔው ነኝ።

ልጆቹን ምን እንደገደላቸው ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ቆዳ ሲለፋ መጀመሪያ ጸጉሩ በኖራና ሰልፋይድ በሚባል ኬሚካል ይነቀላል። ኋላ ደግሞ አሲድና ክሮሚየም ያለበት ውሃ ውስጥ ይገባል። የፊተኛው ፍሳሽና የኋለኛው ፍሳሽ አንድ ቦይ ውስጥ ከተገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ክፋቱ ደግሞ ሲበዛ አይሸትም፤ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሰው «አሁንስ ሽታው ጠፋ» ብሎ ሲወርድ ያን ጊዜ ነው የሚያልቅለት። የወደቀውን ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትሎ መውረድም ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው። ያን ዕለት ዳቦውን አስቀምጬ «ሁለቱ ፍሳሾች የት ይገናኛሉ? ጉድጓድ የሚወርደው ሰው ምን ለብሶ ነው የሚወርደው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ፣ እነዚያ ልጆች ምናልባት ዛሬ የልጆች አባት ነበሩ። መጠየቅ እንዳለብኝ ግን የነገረኝ የለም፤ እኔም ላውቅ አልፈለግሁም።

ይህ የኔ ትንሹ ታሪክ ነው። ትልቁን ዓለም ያውቀዋል። በኅዳር 1977 ዓ.ም.፣ እኛ ወሎዎች በሰባ ሰባቱ ረሀብ ስንረግፍ በነበረበት በዚያው ወር፣ ሕንድ አገር ቦፓል በምትባል ከተማ ከ23 ለ24 አጥቢያ ሌሊት ከአንድ የተባይ ማጥፊያ ፋብሪካ መርዝ አመለጠ። ፋብሪካው ዩኒየን ካርባይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቅርንጫፍ ነበር። 40 ቶን ያህል ጋዝ በተኛ ሕዝብ ላይ ወረደ። በመንግሥት ቆጠራ እንኳ የሞተው በሺዎች ነው፤ ጋዙ የነካው ደግሞ ከ500,000 ሰው በላይ። የመርዙ ማቀዝቀዣ ጠፍቶ ነበር፤ የሚያመልጠውን ጋዝ የሚያቃጥለውም ማማ ከሥራ ውጭ ነበር። ራጅኩማር ኬስዋኒ የተባለ የዚያው ከተማ ጋዜጠኛ ከ1975 መጀመሪያ ጀምሮ አደጋ እየመጣ ነው ብሎ ደጋግሞ ጽፏል፤ የሰማው የለም። ነዋሪው አጠገቡ ምን እንደተከማቸ አያውቅም ነበር። እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ማድረግ እንደሚረዳ እንኳ የነገረው አልነበረም። ሰዉ ሮጠ፤ በሮጠ ቁጥር ጋዙን አብዝቶ ተነፈሰ።

ዓለም የነቃው ከዚያ ወዲህ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1985 የካናዳ የኬሚካል ኩባንያዎች፣ በ1988 ደግሞ የአሜሪካዎቹ፣ ከጎረቤታቸው ጋር በግልጽ ለመነጋገር ቃል የገቡበትን ደንብ አወጡ። በየፋብሪካው አጠገብ የነዋሪዎች አማካሪ ኮሚቴ የሚባለው ነገር የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። በ1986 የአሜሪካ መንግሥት ፋብሪካዎች ምን ዓይነት አደገኛ ኬሚካል ምን ያህል እንዳከማቹ ለአካባቢው እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። እንግዲህ የአማካሪ ኮሚቴ እናቱ ቦፓል ናት። በሬሳ ላይ የተወለደ ነገር ነው። ለዳቦና ለለስላሳ የተፈጠረ አይደለም። እዚያው በተወለደበት አገርም ቢሆን ኩባንያው አባላቱን ሲመርጥና አጀንዳውን ሲጽፍ ኮሚቴው የኩባንያው አፍ ይሆናል እየተባለ ሲተች ኖሯል።

ሩቅ አገር ነው የምትሉ ካላችሁ ቤይሩትን አስታውሱ። ብዙ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን ሠርተው የሚያድሩባት ከተማ ናት። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ወደቡ ላይ ለዓመታት ተከማችቶ የኖረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳና ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። ባለሥልጣናቱ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ያውቁ ነበር። በመስኮቷ አጠገብ ሳህን የምታጥበው ልጅ ግን አታውቅም ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። በጉጂ፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ የሃያ ዓመት ፈቃዱ አልቆ በ2010 ለተጨማሪ 10 ዓመት ሲታደስለት ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ከማዕድን ማውጫው በሚወጣ ፍሳሽ የተነሳ ልጆቻችን ጉዳት ይዘው ተወለዱ፣ ከብቶቻችን ሞቱ የሚል አቤቱታ ለዓመታት ሲያሰማ የኖረ ሕዝብ ነው። ግንቦት 2010 የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። በ2013 ሥራው እንደገና ተጀመረ። እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሃያ ዓመት በጠረጴዛ ዙሪያ ያልተሰማ ጥያቄ በመጨረሻ መንገድ ላይ ይወጣል። መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ባለሀብቱም ይከስራል፣ ሠራተኛውም ይበተናል፣ በሽተኛውም በሽተኛ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያም ቀረብ ብለን የገዛ ዞናችንን እንይ። ኮምቦልቻ የደቡብ ወሎ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ሥጋው፣ ብረቱ እዚያ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ሲዘረፉና ሲወድሙ ሁላችንም አልቅሰናል፤ እንጀራ ነበሩና። ነገር ግን ከጦርነቱም በፊት ተመራማሪዎች በከተማይቱ ወንዞች ናሙና ወስደው፣ ለዮሌ በሚባለው ወንዝ ውስጥ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የተያያዘ ከፍ ያለ ክሮሚየም አግኝተዋል። ያ ውሃ ወደ ቦርከና፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚሄድ ነው። የኛ ውሃ ደግሞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከኛ በታች የሚጠጣ ሰው አለ። እኛም ከላይ ካለ ሰው በታች ነን።

አሁን በስብሰባው ላይ የተነሱትን ሦስት ክርክሮች በየተራ ልመልስ።

አንደኛው «ጥያቄ ካበዛችሁበት ባለሀብቱ ይሸሻል» የሚለው ነው። በጥያቄ የሚሸሽ ሰው ከመጀመሪያውም የመጣው ለማይጠየቅበት ቦታ ነው። ደህና ሥራ የሚሠራ ሰው «ማጣሪያህ የት አለ?» ሲሉት እጅ ይዞ ወስዶ ያሳያል። በግ ስንገዛ እንኳ ጥርሱን አይተን፣ ወገቡን ዳብሰን ነው። ጥርሱን አታዩብኝ የሚል ሻጭ ገጥሟችሁ ገዝታችኋል? ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ አንሁን።

ሁለተኛው «እኛ ያልተማርን ሰዎች ስለ ኬሚካል ምን እናውቃለን?» የሚለው ነው። ይህን የተናገሩት አያ አፋቸው ቅን ነው፤ ከትሕትና ነው። ግን ልክ አይደሉም። ነፋሱ በክረምት ከየት ወዴት እንደሚነፍስ መሐንዲሱ ያውቃል ወይስ እርስዎ? ጎርፉ በየትኛው ቦይ እንደሚወርድ፣ የትኛዋ ምንጭ በሚያዝያ እንደማትደርቅ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በየት በኩል አቋርጠው እንደሚሄዱ ማን ያውቃል? አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ለማልፋት 30,000 ሊትር ውሃና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በበጋ ጀሪካን ይዘን ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ የምናውቅ እኛ ነን። ኬሚካሉን እነሱ ይንገሩን፤ ሰፈሩን እኛ እንነግራቸዋለን። አማካሪ ማለት ይሄ አይደለም ወይ?

ሦስተኛው «መንግሥት አለ፣ ይቆጣጠራል» የሚለው ነው። መንግሥት አለ። ሕጉም አለ። እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ አንድ የሰፈራችን መምህር አንብቦ ያስረዳኝን ነው የምነግራችሁ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ሲታቀድም ሲፈጸምም የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ብሏል። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ አካባቢን በሚበክል ላይ ማንም ሰው፣ «ይህ አንተን ምን አገባህ» ሳይባል፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካጣ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ብሏል። ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል በር ከፍቶልን ሳለ እኛ በወኪል ተመርጠን፣ ሲጠሩን ሄደን፣ ቅሬታ የለንም ብለን የምንፈርመው በሩን በገዛ እጃችን ለመዝጋት ነው? መንግሥትም የሚቆጣጠረው የሚነግረው ሲያገኝ ነው።

የኛንም ጉድለት ልናገር፤ ሌላውን ብቻ ወቅሼ ብጨርስ ሐቅ አይሆንም። እኛ ስብሰባ የምንመጣው ዘይትና ስኳር ይከፋፈላል ሲባል ነው። ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ይወጣል። ማኅተም ምታልን የሚለኝ ሰው ምን ላይ እንደምመታ አይጠይቀኝም። እንደዚህ ያለ ማኅበር ያቺን ወረቀት ቢልኩለት ምን ይገርማል? የላኩልን ለክተውን ነው።

ግን አንድ የማናንቀላፋበት ነገር አለን። ቅሬአችን። ሌላ አገር እድር የሚሉት ማለቴ ነው። ቅሬ ላይ ዳኛውን የምንመርጠው እኛ ነን፤ ሟች አይመርጥልንም። የቀረ ይቀጣል። ሒሳቡ በሁሉም ፊት ይነበባል፤ አንድ ብር ብትጎድል ጸሐፊውን ቁም ብለን እንጠይቃለን። እስላሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ ድንኳን ይተክላል። ማንም አበል አይቀበልም። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህን ሁሉ ሥርዓት የምናውቀው እኛ፣ ለሞተ ሰው ይህን ያህል የምንጠነቀቀው እኛ፣ በሕይወት ላለው ለምን እንሰንፋለን? ቅሬ የሚጠራው ሰው ሲሞት ነው። አሁን የሚያስፈልገን ሰው ሳይሞት የሚሰበሰብ ቅሬ ነው።

ስለዚህ እኔ እንደ አንድ አባል የማቀርበው የሚከተለውን ነው፤

1ኛ/ ከነዋሪው የሚወከሉትን ነዋሪው በጠቅላላ ስብሰባ ይምረጥ። ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ውሃ የሚቀዱትና ሽታው ቀድሞ የሚደርሳቸው እነሱ ናቸው። ከፋብሪካው ሥራ ወይም ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው አይመረጥ።

2ኛ/ ከፋብሪካው አበል አይወሰድ። ለወረቀትና ለትራንስፖርት የሚያስፈልገውን ማኅበራችን ከመዋጮው ይሸፍን።

3ኛ/ ኮሚቴው የሚጀምረው አሁን፣ ፈቃዱ ሳይሰጥና መሠረቱ ሳይቆፈር ይሁን። የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ በአማርኛ ይቅረብልን፤ መምህራኑ በጉባኤ ያንብቡልን።

4ኛ/ የሰልፋይዱና የአሲዱ ፍሳሽ ተለያይቶ እንደሚሄድ፣ ማጣሪያው ከፋብሪካው ቀድሞ ወይም እኩል እንደሚሠራ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ጉድጓድ የሚወርድ ሠራተኛ ምን መሣሪያ እንደሚሰጠው በጽሑፍ መልስ ይሰጠን። ጥያቄ በተጠየቀ በወሩ መልስ ያጣ እንደሆነ ጥያቄውም ዝምታውም በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

5ኛ/ ኮሚቴው በወር አንድ ጊዜ ግቢውን ገብቶ ይይ። የአደጋ ደወል ሲደወል ወዴት እንደምንሄድ፣ ከነፋሱ በየት በኩል እንደምንርቅ፣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በየት እንደሚያወጣ ተነግሮን በዓመት አንድ ጊዜ እንለማመደው።

6ኛ/ ቃለ ጉባኤውን የነዋሪው ጸሐፊ ይጻፍ፣ ከመፈረሙ በፊት ለተሰብሳቢው ጮክ ብሎ ይነበብ። «ቅሬታ የለም» የምትል ዓረፍተ ነገር ሰው ሁሉ እጁን አውጥቶ ካልተስማማ አትጻፍ።

ይህ ስድስት ነጥብ ባለሀብቱን ማባረሪያ አይደለም። ተቀምጦ ለሚኖር ሰው መቀመጫ ማበጀት ነው። ዛሬ በጽሑፍ መልስ የሰጠን ሰው ነገ መንገድ ተዘጋብኝ ብሎ አይጮህም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልብቃ። ከተማችን የመክተቻ ቦታ ናት። በ1888 ዳግማዊ ምኒልክ ለዓድዋ ሲያውጁ የሸዋው ሠራዊት በጥቅምት አጋማሽ እዚህ ወረኢሉ ላይ እንዲከት አዘዋል። ስንቁ የተቆጠረው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ የተወሰነው ከጦርነቱ በፊት እንጂ ጠላት ድንኳን ውስጥ ከገባ በኋላ አልነበረም። አባቶቻችን ሳይረፍድ መሰብሰብን ያውቁ ነበር። እኛም የዚያችው ከተማ ልጆች ነን።

ማኅተሙ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ያቺ ወረቀት እንዳለች እስካለች ድረስ አላወጣውም። ጠቅላላ ስብሰባው ምታ ካለኝ ትእዛዝ አከብራለሁ፤ ግን መጀመሪያ ቁልፉን ለሌላ ጸሐፊ አስረክቤ ነው። አንድ ጊዜ ፈርሜ አውቃለሁ። ያቺ እናት ምን ይላል ልጄ ያለችኝን አልረሳሁም።

በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ግቢ እንገናኝ። የቀረ በቅሬ ደንብ ይቀጣ እላለሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል!

የማኅበሩ ጸሐፊ
ወረኢሉ